ሳይነካ የሚዘፍን መሣሪያ የሠራው ሰው፤ የሊዮን ቴርሚን የሕይወት ታሪክ

በመጽሔታችን ላይ የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ መጻፍ የቈየ ልማድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦር መሪዎችና ስለ ደራስያን ስለ ሆነ እኔ ደግሞ ስለ አንድ መሣሪያ ሠሪ ለመጻፍ አሰብሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። እኔና ጥቂት የክፍል ጓደኞቼ በሲንተሳይዘር የተሠራውን የዱሮ ሙዚቃ እንወዳለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን እንሰማለን፤ ሙዚቃው የእኛ ዘመን ሳይሆን የወላጆቻችን ዘመን ስለ ሆነ እነርሱ ይሥቁብናል። አብዝተን ከምንሰማው አንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከሲንተሳይዘር ጋራ አስማምቶ ያወጣው ካሴት ነው። ይህን የመሰለ ድምፅ የሚያወጣው ዕቃ ከየት መጣ ስንል ወደ ኋላ እየተከተልን ብንፈልግ፣ መንገዱ በመጀመሪያ ወደ ኒው ዮርክ፣ ከዚያም ወደ ሩሲያ አደረሰን። በመንገዱ ጫፍ ያገኘነው ሰው ሊዮን ቴርሚን ይባላል። በአገሩ ቋንቋ ስሙ ሌቭ ሰርጌየቪች ቴርሜን ነው። ዘመናቱን ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር የምጽፍ መሆኔን አንባቢ ይወቅልኝ።

ቴርሚን በነሐሴ ወር 1896 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ የሩሲያ መናገሻ በነበረችው በፒተርስበርግ ከተማ ተወለደ። ቤተ ሰቡ በአንድ ወገን ከፈረንሳይ፣ በሌላ ወገን ከጀርመን የሚወለድ ነበር። ገና ልጅ ሳለ ልቡ ለሁለት ነገር ተከፈለ። አንደኛው ቼሎ የሚባለው፣ እንደ ማሲንቆአችን በደጋን የሚመታው፣ ነገር ግን ባለ አራት አውታር የሆነው ትልቅ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ነበር። በከተማው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎን፣ በዩኒቨርሲቲ ደግሞ ፊዚክስንና የከዋክብትን ትምህርት ተማረ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በመጣ ጊዜ ወደ ጦር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ገብቶ የራዲዮ ባለሙያ ሆነ። በ1917 ዓ.ም. አብዮት ተነሥቶ መንግሥቱ ሲለወጥም ሙያው ለአዲሱም መንግሥት የሚያስፈልግ ስለ ነበረ በዚያው በራዲዮ ሥራ ቀጠለ።

ዋናው ነገር የሆነው ግን በ1920 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ቴርሚን አብራም ዮፌ የሚባለው ታላቅ የፊዚክስ ሊቅ በሚመራው በፔትሮግራድ የምርምር ተቋም ውስጥ ይሠራ ነበር። የተሰጠውም ሥራ ከሙዚቃ ጋራ ምንም ግንኙነት የለውም፤ የጋዞችን የኤሌክትሪክ ጠባይ የሚለካ መሣሪያ መሥራት ነበር። ልኩን በጆሮ ለማወቅ እንዲችል መሣሪያው ላይ የጆሮ ማዳመጫ አደረገበት። ማዳመጫውም ያፏጭ ጀመር። ቴርሚን እጁን ወደ መሣሪያው ሲያስጠጋ ፉጨቱ ይቀጥናል፤ እጁን ሲያርቅ ይወፍራል። ሌላ የፊዚክስ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ይህን ጕድለት ነው ብሎ እጁን ሰብስቦ ይቀመጥ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ቴርሚን ግን ቼሎ ተጫዋች ነበር። እጁን በአየር ላይ ከፍና ዝቅ እያደረገ፣ በቼሎ የሚያውቀውን ዜማ ከመሣሪያው ለማውጣት ሞከረ። ዜማውም ወጣ።

የመሣሪያው አሠራር ለማስረዳት አስቸጋሪ አይደለም። በሣጥኑ ውስጥ ሁለት የኤሌክትሪክ ንዝረቶች አሉ። ሁለቱም በሰከንድ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ የሚርገበገቡ ስለ ሆኑ የሰው ጆሮ አይሰማቸውም። አንደኛው ሁልጊዜ አይለወጥም። ሁለተኛው ወደ ላይ ከቆመ የብረት ዘንግ ጋራ የተያያዘ ነው። የሰው ገላ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስለ ሆነ እጃችን ወደ ዘንጉ ሲቀርብ የሁለተኛውን ፍጥነት ጥቂት ይለውጠዋል። ሁለቱ ሲደባለቁ የምንሰማው ልዩነታቸውን ነው። ለምሳሌ አንዱ በሰከንድ 170,000 ጊዜ፣ ሌላው 170,440 ጊዜ ቢርገበገብ፣ በጆሮአችን የሚደርሰው የ440 ድምፅ ነው፤ ይህም ኦርኬስትራዎች መሣሪያቸውን የሚቃኙበት ድምፅ ነው። በጐን በኩል ደግሞ እንደ ቀለበት የተጠማዘዘ ሌላ ብረት አለ፤ ግራ እጅ ወደ እርሱ ሲቀርብ ድምፁ ይቀንሳል፣ ሲርቅ ይጐላል። ተጫዋቹ ምንም ነገር አይነካም።

የአያቴን አሮጌ ራዲዮ በአጭር ሞገድ ሲከፍቱት በጣቢያና በጣቢያ መካከል የሚሰማውን ፉጨት አስታውሳለሁ። በልጅነቴ እጄን ወደ አንቴናው ባስጠጋሁ ጊዜ ፉጨቱ ይለዋወጥ ነበር፤ አያቴም ዜና ስላበላሸሁባቸው ይቈጡኝ ነበር። ያን ጊዜ የምጫወተው በቴርሚን መሣሪያ መሆኑን እኔም እርሳቸውም አናውቅም ነበር።

መሣሪያው በአገሩ ቴርሜንቮክስ፣ በሌላው ዓለም ግን በሠሪው ስም ቴርሚን ተባለ። ወሬውም ወደ ቤተ መንግሥት ደረሰ። በመጋቢት ወር 1922 ዓ.ም. ሌኒን ቴርሚንን ወደ ክሬምሊን አስጠራው። ሌኒን ለአገሩ ኤሌክትሪክ ማዳረስን እንደ ትልቅ ዓላማ የያዘ ሰው ስለ ነበረ መሣሪያውን እጅግ ወደደው። ቴርሚን በመጀመሪያ እጁን ይዞ አሳየው፤ ከዚያ በኋላ ሌኒን ብቻውን የግሊንካን ዜማ ተጫወተ ይባላል። ወዲያውም ቴርሚን በአገሪቱ ሁሉ በባቡር እየተዘዋወረ መሣሪያውን ለሕዝብ እንዲያሳይ ተፈቀደለት። በነዚሁ ዓመታት ሥዕልን በራዲዮ የማስተላለፍ ሥራ፣ ማለት የቴሌቪዥን ምርምርም ያደርግ ነበር፤ መንግሥቱ ግን ይህን በምስጢር ስለ ያዘው ሳይታወቅ ቀረ።

በ1927 ዓ.ም. ወደ ውጭ አገር ተላከ። በጀርመን፣ በፓሪስና በለንደን ትላልቅ አዳራሾች ተጫወተ፤ በታኅሣሥ ወር መጨረሻም ወደ ኒው ዮርክ ገባ። ከመንግሥቱ የተሰጠው ተልእኮ ሁለት መልክ ያለው እንደ ነበር በኋላ ራሱ ገልጾታል። በቀን ሙዚቃ ያሳያል፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ ያየውንና የሰማውን የአሜሪካ ፋብሪካዎች ነገር ለአገሩ ሰዎች ያቀርባል። ይህን የምጽፈው ከወዲሁ እንዲታወቅ ነው፤ ወደ ፊት የሚመጣው ነገር በድንገት የመጣ እንዳይመስል።

በ1928 ዓ.ም. በአሜሪካ የፈጠራ መብት አገኘ። በ1929 ዓ.ም. አር ሲ ኤ የሚባለው ታላቅ የራዲዮ ኩባንያ መብቱን ገዝቶ መሣሪያውን ለገበያ አወጣው። ማስታወቂያው ማንም ሰው ሳይማር ሊጫወተው እንደሚችል የሚያስመስል ነበር። ይህ ፈጽሞ እውነት አይደለም። ክራር አውታር አለው፤ ዋሽንት ቀዳዳ አለው፤ ማሲንቆ እንኳ ጣት የሚያርፍበት ዘንግ አለው። ቴርሚን ግን ጣት የሚያርፍበት ምንም የለውም፤ የተጫዋቹ እጅ በአየር ላይ አንድ ጣት ስፋት እንኳ ቢስት ዜማው ይበላሻል። ከዚህም በላይ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀና ታላቁ የገንዘብ ችግር መጣ። የተሠሩት መሣሪያዎች 500 ያህል ብቻ ነበሩ።

ሆኖም መሣሪያውን በእውነት የተጫወተው ሰው በዚያን ጊዜ ተገኘ፤ ሴት ናት። ክላራ ራይዘንበርግ በ1911 ዓ.ም. በቪልኒየስ ተወልዳ ገና በአምስት ዓመት ገደማ በፒተርስበርግ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተቀበላት ቫዮሊን ተጫዋች ነበረች። ከቤተ ሰቧ ጋራ ወደ አሜሪካ ከሄደች በኋላ ክንዷ ታመመ፤ ምክንያቱም በልጅነቷ በጦርነትና በረኀብ ዘመን በቂ ምግብ ስላላገኘች ነው ይባላል። ቫዮሊንን ለመተው ተገደደች። ዕድሜ ልኩን የተማሩት ነገር ከእጅ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ያስበው። ቴርሚንን ባገኘችው ጊዜ ግን ያ ሁሉ የቫዮሊን ጆሮዋ አልጠፋም ነበርና፣ ክንድን የማያደክም፣ ጣት ብቻ የሚፈልግ መሣሪያ አገኘች። እርሷም ዝም ብላ አልተቀበለችም፤ መሣሪያው ድምፁን ፈጥኖ እንዲቈርጥ፣ ዜማውም ከሦስት ወደ አምስት ኦክታቭ እንዲሰፋ ጠየቀች፤ ቴርሚንም ለርሷ ብቻ አድርጎ ሠራላት። ለ18ኛ ዓመት ልደቷ ሰው ሲጠጋው የሚሽከረከር ኬክ አዘጋጅቶላት እንደ ነበርም ይነገራል። ሊያገባት ጠይቋት ነበር። እርሷ ግን ሮበርት ሮክሞር የሚባል የሕግ ጠበቃ አገባች፤ ዛሬም ዓለም የሚያውቃት ክላራ ሮክሞር በሚለው ስም ነው።

በኒው ዮርክ በነበረው ቤተ ሙከራ ቴርሚን ብዙ ነገር ሠራ። ሪትሚኮን የተባለው፣ በ1931 ዓ.ም. ለሙዚቃ ደራሲው ለሄንሪ ካወል ያዘጋጀው መሣሪያ፣ ልዩ ልዩ ምቶችን በአንድ ጊዜ በራሱ የሚመታ ነው። ዛሬ ምት በኤሌክትሪክ መሣሪያ ሲመታ ለምንሰማ ሰዎች ይህ የአያት አያት ነው። ሌላው ቴርፕሲቶን የተባለው የጭፈራ መድረክ ነው፤ በላዩ የሚጨፍረው ሰው ገላውን ሲያንቀሳቅስ ዜማው ይወጣል። በዚህ ምክንያት ከጭፈራ ሰዎች ጋራ ሲገናኝ ላቪኒያ ዊሊያምስ የምትባለውን ጥቁር አሜሪካዊት የባሌት ተጫዋች አወቀ፤ በ1938 ዓ.ም. ተጋቡ። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ነጭና ጥቁር መጋባታቸው እንደ ነውር ይቈጠር ስለ ነበረ፣ ትናንት ቤታቸው ይጋብዙት የነበሩ ባለጸጎች በራቸውን ዘጉበት። ዕዳም ነበረበት፤ የግብር ክፍያም ተከምሮበት ነበር።

በዚያው በ1938 ዓ.ም. ቴርሚን በሶቪየት መርከብ ተሳፍሮ ወደ አገሩ ሄደ። ብዙ ዘመን ሰዎች ተጠልፎ ነው ይሉ ነበር፤ የኋለኞቹ መርማሪዎች ግን በዕዳውና በጦርነት ሥጋት ምክንያት በፈቃዱ እንደ ተመለሰ ይጽፋሉ። ላቪኒያ ልትከተለው ነበር፤ አልተፈቀደላትም። ዳግመኛ ሳይተያዩ ቀሩ። እርሷ በኋላ በሄይቲ ደሴት የጭፈራ ትምህርት ቤት አቋቁማ ስትሠራ ኖረች።

በአገሩ የጠበቀው አቀባበል እስር ነው። በመጋቢት ወር 1939 ዓ.ም. በስታሊን ፖሊሶች ተያዘ፤ በሐሰት ክስ ስምንት ዓመት ተፈርዶበት ወደ ኮሊማ ተላከ። ኮሊማ በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ የሚገኝ፣ እስረኞች ወርቅ ሲቈፍሩ በብርድና በረኀብ የሚያልቁበት ቦታ ነው። ቴርሚን በዚያ ለድንጋይ ጋሪዎች የእንጨት ሐዲድ ሠርቶ ሥራውን ስላቃለለ ከሞት ተረፈ። ከአንድ ዓመት በኋላ መንግሥቱ የሊቃውንት እጥረት ስለ ነበረበት ወደ ሌላ ዐይነት እስር ቤት ተዛወረ። በዚህ እስር ቤት ውስጥ ታላላቅ መሐንዲሶች በዘበኛ እየተጠበቁ ይሠራሉ። የአውሮፕላን ሠሪው ቱፖሌቭ በዚያ ነበር፤ በኋላ ሰውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጠፈር የላከው ሮኬት መሪ ኮሮሌቭም በዚያ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ቴርሚን ሞቷል ተብሎ ተጻፈ።

አሁን የምጽፈው ነገር ከጓደኞቼ ጋራ ያከራከረን ነው። በነሐሴ ወር 1945 ዓ.ም. የሶቪየት ተማሪ ልጆች በሞስኮ ለሚገኘው ለአሜሪካ አምባሳደር በእንጨት የተቀረጸ የአሜሪካን አርማ በስጦታ አቀረቡ። አምባሳደሩ በመኖሪያ ቤቱ ሰቀለው። በአርማው ውስጥ ቴርሚን የሠራው የማዳመጫ መሣሪያ ተደብቆበት ነበር። ባትሪ የለውም፤ ሽቦ የለውም፤ ሲፈትሹት የሚገኝ ምንም የኤሌክትሪክ ምልክት የለውም። ከውጭ የራዲዮ ሞገድ ሲላክበት ብቻ ይነቃል፤ በውስጡ ያለችው ቀጭን ሽፋን በሰዎቹ ንግግር ስትንቀጠቀጥ የሚመለሰው ሞገድ ንግግሩን ይዞ ይሄዳል። ሰባት ዓመት ሙሉ ሳይገኝ ቈይቶ በ1952 ዓ.ም. ተገኘ። በግንቦት ወር 1960 ዓ.ም. አሜሪካኖች ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጸጥታ ምክር ቤት አርማውን ከፍተው አሳዩ። አንባቢ ልብ ቢል፣ ጥበቡ ያው የመጀመሪያው ጥበብ ነው። በፊት የእጅ እንቅስቃሴ ሞገዱን እየለወጠ ዜማ ያወጣ ነበር፤ አሁን የሰው ድምፅ ሞገዱን እየለወጠ ምስጢር ያወጣል።

ሌላም መሣሪያ ሠራ። ይህኛው በማይታይ ብርሃን የመስኮትን መስታወት እየነካ ከውስጥ የሚነገረውን የሚሰማ ነው። ስለ ሥራውም በ1947 ዓ.ም. የስታሊን ሽልማት ተሰጠው፤ በዚያው ዓመት ነጻ ወጣ። አንድ ጓደኛዬ እስረኛ የሠራው ሥራ በእስረኛው አይቈጠርም ይላል። እኔም እስከ 1947 ድረስ ላለው እስማማለሁ። ነገር ግን ከተፈታ በኋላ ሚስት አግብቶ፣ መንታ ሴቶች ልጆች ወልዶ፣ በደመወዝ እየኖረ በዚያው በስለላ ድርጅት ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቷል። ይህንንስ በምን እንቈጥረው? የመውጫ በር ተከፍቶለት ነበር ወይስ በሩ ሰፊ ሆኖ ግቢው ያው ግቢ ነበር? እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ፤ ስለ ወደድሁት ግን ይህን ገጽ ዘልዬ ልጽፍ አልፈለግሁም።

በ1960ዎቹ ወደ ሙዚቃ ተመለሰ። በሞስኮ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የድምፅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተቀጥሮ አዳዲስ ቴርሚኖችን፣ የጭፈራ መድረኩንም ጭምር ሠራ። በ1967 ዓ.ም. አንድ የኒው ዮርክ ታይምስ የሙዚቃ ጸሓፊ ሞስኮን ሊጐበኝ መጥቶ፣ ሞተ የተባለው ሰው በሕይወት እንዳለ አይቶ በጋዜጣው ላይ ጻፈ። ጽሑፉ የምስጋና ጽሑፍ ነበር። ያስከተለው ግን ጥፋት ነው። የትምህርት ቤቱ አለቆች ኤሌክትሪክ ከሙዚቃ ጋራ ምን አገናኘው ብለው ሽማግሌውን ከሥራ አስወጡት፤ መሣሪያዎቹም ተሰባብረው ተጣሉ። በ71 ዓመት ዕድሜው እንደ ገና ሥራ ፈልጎ በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል ተራ ቴክኒሻን ሆነ።

በሌላው የዓለም ዳርቻ ግን እርሱ የማያውቀው ነገር ሲሆን ነበር። በ1949 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የሚኖር ሮበርት ሞግ የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ከመጽሔት ላይ ባገኘው ንድፍ ቴርሚን ሠራ። ከዚያ በኋላ ከአባቱ ጋራ በቤታቸው ቴርሚን እየሠራ ይሸጥ ጀመር። በ1964 ዓ.ም. በዚሁ ሙያ የመጀመሪያውን ሲንተሳይዘር አወጣ። በ1970 ዓ.ም. ደግሞ በጉዞ የሚያዝ ትንሽ ሲንተሳይዘር ለገበያ አቀረበ፤ ክራፍትቨርክ የሚባሉት ጀርመኖች በ1974 ዓ.ም. አውቶባን የተባለውን ዲስካቸውን ሲሠሩ ከተጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱ ይህ ነው። በ1980ዎቹ በእንግሊዝ አገር በሲንተሳይዘር ብቻ የሚዘፍኑ ቡድኖች እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ሞግም ይህን ሙያ ያገኘሁት ከቴርሚን ነው ብሎ ከመመስከር አልተቈጠበም።

ቴርሚን ከሶቪየት አገር ለመውጣት የተፈቀደለት በ1989 ዓ.ም. ወደ ፈረንሳይ አገር በተጋበዘ ጊዜ ነው። በ1991 ዓ.ም. ከ53 ዓመት በኋላ ወደ አሜሪካ ተመለሰ፤ ዕድሜው 95 ደርሶ ነበር። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክብር ተደረገለት። ወደ ኒው ዮርክ ሄዶም ወደ ክላራ ሮክሞር ቤት ገባ። እርሷ 80 ዓመቷ ነበር። ስቲቨን ማርቲን የሚባለው ሰው ያዘጋጀው ስለ ቴርሚን ሕይወት የሚናገር ፊልም ይህን መገናኘት ያሳያል። ሽማግሌው በኒው ዮርክ ጐዳና በዝግታ ሲራመድ፣ ሁሉ ነገር ስለ ተለወጠበት ዐይኑ የሚያርፍበትን የሚፈልግ ይመስላል።

ሊዮን ቴርሚን በኅዳር 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በሞስኮ በ97 ዓመቱ ዐረፈ። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ያስተማራት የዘመዱ ልጅ ሊዲያ ካቪና ታላቅ የቴርሚን ተጫዋች ሆናለች። ክላራም በ1998 ዓ.ም. ሞተች። እርሷ የተጫወተችውን ሙዚቃ ሞግ አዘጋጅቶ በ1977 ዓ.ም. በዲስክ አውጥቶታል። በውስጡ የሳን ሳንስ ስዋን ይገኛል፤ ለቼሎ የተደረሰ ዜማ ነው፤ ቴርሚን በወጣትነቱ ይማረው የነበረው መሣሪያ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኃይሉ ካሴት በኋላ እርሱን እናሰማለን። ባለፈው ጊዜ የአንድ ጓደኛችን እናት ቡና ይዘው ሲገቡ ሰምተው፣ የምትዘፍነው ሴት ማን እንደ ሆነች ጠየቁን። የምትዘፍን ሴት እንደሌለች፣ ድምፁም ከሣጥን እንደሚወጣ ነገርናቸው፤ አላመኑንም፤ ግን ትሪውን አስቀምጠው እስኪያልቅ ድረስ ተቀመጡ።